እኔ ያጠፋሁት የመርዶ ዝርዝር

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእትዬ የሺ ሱቅ ጓዳ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ጋሼ ታደሰ፣ የዕድራችን ጸሐፊ፣ ከኮምፒዩተሩ ጎን በተጣጣፊዋ የብረት ወንበር ላይ። እትዬ የሺ፣ ባለሱቋ፣ ደንበኛ ሲመጣ በመጋረጃው ወደ ፊት እየወጡ፣ ሲሄድ እየተመለሱ። ሙሉጌታ፣ የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው፣ የምስር ጆንያ ላይ። ሰይድ፣ የደሴው ልጅ፣ በቫኑ ለሱቁ ዕቃ የሚያመላልሰው፣ በጓሮው በር ካርቶን ተሸክሞ ሲገባ። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ኪቦርዱ ላይ የነበሩት እጆች የእኔ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ለዕድራችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ነው። አዘጋጆቹ በስልክ የላኩልኝ መልእክት «የድሮውን ኮምፒዩተር ስትጠግን ትዝ ይለናል፤ ስለዚያ ዘመን የሚያስቅ ነገር ጻፍልን» ይላል። የሚያስቅ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ትቼዋለሁ። ያ ኮምፒዩተር ሲነሣ የሚመጣብኝ ሌላ ነገር ነው፤ እስከ ቅርብ ጊዜም ሰው ፊት አንሥቼው አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ፌርፋክስ፣ እዚህ አሜሪካ ያለው የሐበሻ ሰፈራችን፣ እንደ አሁኑ እንግዳ ሁሉ መጥቶ ፎቶ የሚነሣበት አልነበረም። ከኦሊምፒክ እስከ ፒኮ ያለችውን አጭር መንገድ በአሥር ደቂቃ መጨረስ የሚችለው የሚያውቀው ሰው የሌለ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ታክሲ ገና በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ ስላልነበረ ቅዳሜ ቅዳሜ የአገራችን ልጆች ታክሲዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ይደረደሩ ነበር፤ ዛሬ ያንን ያህል ታክሲ በአንድ ቦታ ማየት ከፈለጋችሁ የት እንደምትሄዱ አላውቅም። ከምኖርበት ኮሪያታውን፣ ለአራት ከተከራየናት ባለአንድ መኝታ ቤት፣ ስመጣ ለአውቶቡስ ስድስት ኳርተር ሳንቲም እቆጥራለሁ። አገር ቤት መደወያው የአምስት ዶላር ካርድ ነው፤ ጀርባውን ፍቀን ቁጥሩን ስናስገባ ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ አርባ ደቂቃ አለህ ትላለች፣ ሃያ ሦስተኛው ላይ ይቆረጣል። ሙሉጌታ ሙቀቱ አስፋልት በሚያቀልጥበት ወር እንኳ ቡናማ የቆዳ ጃኬቱን አያወልቅም። ጋሼ ታደሰ ዳውንታውን ፓርኪንግ ነበር የሚሠሩት፤ የሥራ ጃኬታቸው ደረት ላይ ስማቸው በእንግሊዝኛ ተጠልፏል፣ ከሥሩ ግን ሁልጊዜ ክራባት አለ። ከእትዬ የሺ ሱቅ አጠገብ ያለው ሙዚቃ ቤት አንድ ሲዲ ወር ሙሉ ያጫውታል፤ አራተኛው ዘፈን መሀሉ ላይ ይዘላል፣ እኛም በግድግዳው በኩል እንሰማዋለን። አሁን ሙዚቃ ቤቱ የጥፍር መሥሪያ ሆኗል። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ቆሜ አዳመጥኩ፤ የማራገቢያ ድምፅ ብቻ ነበር።

ኮምፒዩተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ሚድ ሲቲ ሰፈር ውስጥ መንገድ ዳር የተጣለ አንድ አንሥቼ፣ ፈትቼ፣ ብሎኖቹን በየተራቸው በጠርሙስ ክዳን ውስጥ አስቀምጬ መልሼ ገጠምኩት። በቀን ሰሃን አጥባለሁ፤ በትርፍ ሰዓቴ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጥገና ምክር አነባለሁ። ዝምተኛ ነበርኩ። ሰው ዝምታዬን ዕውቀት እያለ ይተረጉምልኝ ጀመር፤ እኔም አልተቃወምኩም። ሙሉጌታ «ዶክተር» ይለኝ ነበር።

የጓዳው ኮምፒዩተር የዕድሩ ነው። በኢሜል ፕሮግራሙ ውስጥ የአባላት አድራሻ መዝገብ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ስም በታች ማስታወሻ መጻፊያ ቦታ አለ። ጋሼ ታደሰ እዚያ የሚጽፉት አባሉ አንድ ነገር ቢሆን አገር ቤት መርዶው መጀመሪያ ለማን እንደሚነገር ነው። የእናትየውን ስልክ አይደለም፤ ያንን ማንም ያገኘዋል። ጎረቤት ሰብስቦ፣ ማለዳ በር የሚያንኳኳውን ሰው ነው። «እናት ልብ ሕመም አለባት፣ ለወንድሟ ይነገር።» «አባት በስልክ እንዳይሰሙ፣ ለንስሐ አባታቸው።» «ለጎረቤታቸው ለሐጂው፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ።» ይህን ማን ወዶ ይሰጣል? ፎርም ሙሉ ቢባል ሟርት ነው ተብሎ ባዶውን ይመለሳል። ጋሼ ታደሰ ግን በክርስትና ድግስ ላይ፣ በፓርኪንጉ በር፣ በታክሲ ኋላ ወንበር ጠጋ እያሉ፣ አንድ በአንድ፣ ስድስት ዓመት ፈጅተው ሰበሰቡት። መጀመሪያ በደብተር ነበር። አንዲት እናት ስሟን ደብተሩ ላይ አይታ ስላለቀሰች ኮሚቴው ወረቀት አይቅር ብሎ ወሰነ፤ ጋሼ ታደሰም ወደ ኮምፒዩተሩ ገልብጠው ደብተሩን ሰው ፊት ቀደዱት። «ከእንግዲህ መሣሪያው ያውቃል፣ እኔ እከፍተዋለሁ፣ በቃ» አሉ።

የኢሜል ፕሮግራሙ ራሱን ካደሰ ወዲህ ሲከፈት ነጭ መስኮት ያሳይና ይዘጋል። ሁለት ጊዜ አውጥቼ መልሼ ጭኜዋለሁ፤ ያው ነው። ሳነብ ሰነባብቼ ምክንያቱን ደረስኩበት። ፕሮግራሙ ሲወጣ ሴቲንጉ አብሮት አይወጣም፤ በስውር ፎልደር ውስጥ ይቀራል። አዲሱ ሲጫን የአሮጌውን በሽታ ከዚያ ይወርሳል። መድኃኒቱ ሁለቱንም ማጥፋት፣ አንድም ፍርፋሪ አለመተው፣ ከዚያ በባዶ መሬት ላይ እንደገና መጫን ነው። ይህን ሳገኝ ደስ አለኝ። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ እኔ ደግሞ ንጹሕ ሥራ እወዳለሁ።

«ዶክተር፣ በሽተኛው ይተርፋል?» አለ ሙሉጌታ።

«ከነሥሩ ካልወጣ አይድንም።»

«አሁን ጥርስ ነቃይ ሆንክ በለኛ!»

እትዬ የሺ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው፣ «አንተ ሙሌ፣ ተነሥ ከምስሬ ላይ! ሰው የሚበላው ነገር ነው» አሉት።

«እትዬ፣ ሱሪዬ ዛሬ ነው የታጠበው፤ ለምስሩ ብዬ ነው ያጠብኩት።»

ጋሼ ታደሰ አልሳቁም። መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «የኔ ልጅ፣ ውስጡ ያለውስ?» አሉኝ።

«ሰርቨር ላይ አለ ጋሼ። ሲጫን ተመልሶ ይወርዳል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ጋሼ የተጨነቁት ለመርዶው ነው» አለ ሙሉጌታ። «የኔን ካስመዘገብኩ ወዲህ ጉንፋን እንኳ ይዞኝ አያውቅም። ክትባት በሉት!»

«አፍህን ያዝ!» አሉ እትዬ የሺ አማትበው።

ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። መርዶው በስሙ ተጠርቷል፤ እዚያው ክፍል፣ እኔ እየሰማሁ። ጠዋት በብራውዘር ገብቼ ኢሜሎቹ ሰርቨሩ ላይ እንዳሉ አረጋግጬ ነበር፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። አድራሻውንም አብሮ እዚያ ያለ አድርጌ ገመትኩት። በሕይወቴ ገምቼ የሠራሁት ነገር ጥቂት ነው፤ አንዱ ይኸው ነው። ስውር ፎልደሩን ከፍቼ ፋይሎቹን በመጠን ደረደርኳቸው። ትልልቆቹ ኢሜሎቹ ናቸው። ከሁሉም ግርጌ አንድ ትንሽ ፋይል ነበረ፣ ከአንዲት ፎቶ የሚያንስ። አየሁት። ትንሽ ስለሆነ ናቅሁት።

ሰይድ ካርቶኑን ሳያወርድ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ስክሪኑን ያይ ነበር። «ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ ሊጠፋ ነው? ሌላ ቦታ ሴቭ አታደርገውም?»

«ሴቭ ካደረግሁት በሽታውንም አብሬ ሴቭ አደረግሁ ማለት ነው።»

«ሶ፣ ከጠፋ ጠፋ?»

«እንዲጠፋ ነው የምፈልገው» አልኩት። ድምፄ ውስጥ የነበረውን ኩራት እስካሁን እሰማዋለሁ። ሁሉንም መርጬ አጠፋሁ። ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አደረግሁ። ከዚያ ፕሮግራሙን ጫንኩ፣ ስምና የይለፍ ቃል አስገባሁ፣ ኢሜሎቹም ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር። እትዬ የሺ እልል አሉ። ሙሉጌታ ጀርባዬን መትቶ፣ «ዳነ! እኔም ሄጄ ሰልፌን ልያዝ» ብሎ ወደ ኤርፖርት ሄደ። ሰይድ ቀሪውን ካርቶን ሊያመጣ ወጣ። ጋሼ ታደሰ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ፤ እኔም ለማረጋገጥ ያህል የአድራሻ መዝገቡን ከፈትኩ።

ባዶ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ሲዲው ዘለለ። መዝገቡን ዘጋሁት፣ እንደገና ከፈትኩት፣ እንደገና ዘጋሁት። ጋሼ ታደሰ እጃቸውን በመሐረብ እያደረቁ ተመለሱ።

«አለቀ?»

«አለቀ ጋሼ።»

«እጅህ ይባረክ።»

አሜን አልኩ።

በሚቀጥሉት አራት ወራት «ላየው ብዬ ነው» እያልኩ ሦስት ጊዜ ወደ ጓዳው ገባሁ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አምጥቼ ሞከርኩ፤ የዚያችን የናቅኋትን ትንሽ ፋይል ስም አገኘው፣ ውስጡን ግን አላገኘውም። እንዲያውም ሰው ሳያውቅ ዝርዝሩን ራሴ ልሰበስበው አሰብኩ። አንድ ፓርኪንግ የሚሠራ ሰውዬ ጠጋ ብዬ ስጠይቀው፣ «ምን ታይቶህ ነው?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ጋሼ ታደሰ ስድስት ዓመት ያንን ዓይነት ፊት እንዴት እንደቻሉት ያን ቀን ገባኝ። ሁለተኛውን ሰው ጠይቄ ተውኩት። ጋሼ ታደሰ ሰብስበው ስለጨረሱ መዝገቡን የሚከፍቱት ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ በእነዚያ ወራት ደግሞ አባል አልሞተም። በየሳምንቱ ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ነገሩ ቀን በጨመረ ቁጥር፣ ለምን እስካሁን ዝም አልክ የሚለው ጥያቄ ከጥፋቱ በለጠብኝ።

ሙሉጌታ የሞተው ኤርፖርት፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ የእሱ መኪና አልተንቀሳቀሰም፤ የኋላው ጥሩምባ ነፋበት፣ ከዚያ ወርዶ አየው። በማግስቱ ጠዋት ኮሚቴው ጓዳው ውስጥ ተሰበሰበ። እዚህ ጠዋት ሲሆን አገር ቤት አመሻሽ ነው፤ ሰዓቱ ተመርጦ ነበር። የሚነገረው ሰው ምሽቱን ቢያውቅ፣ ጎረቤት አስተባብሮ ማለዳ ከእናትየው ዘንድ ይደርሳል። ጋሼ ታደሰ መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ከፈቱ።

«የት ሄደ?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እስኪ አንተ እየው።»

ተቀመጥኩ። ባዶ መሆኑን የማውቀውን መዝገብ ለብዙ ደቂቃ ፈለግሁ። ይህን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል። እዚህ ጠቅ፣ እዚያ ጠቅ፣ ግንባሬን አኮማትሬ፣ ሰው ሁሉ ከኋላዬ ቆሞ እያየኝ።

በሙሉጌታ ስልክ ውስጥ «ቤት» የሚል ቁጥር ነበር። ቤት ከሆነ ሌላ ሰው አይጠፋም ተባለ። ጋሼ ታደሰ ካርድ ፍቀው ደወሉ። ጓዳው ጠባብ ነው፤ የእናትየው ድምፅ ለሁላችንም ይሰማል።

«እናቴ፣ እንደምን አመሹ? የሙሉጌታ ወዳጅ ነኝ፣ ከአሜሪካ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይኖራል?»

«የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ሙሌ ነው?»

ጋሼ ታደሰ መዋሸት አልቻሉም። ዝም አሉ።

«ሙሌ ነው?»

እናትየው ዝምታቸውን ሰሙት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጩኸት እዚያ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ካርዱ ያን ቀን አልተቆረጠም። ጎረቤት ደርሶ ስልኩን እስኪያነሣ ድረስ ሰማነው።

ከሠልስቱ በኋላ በተደረገው ስብሰባ ጋሼ ታደሰ ክራባታቸውን አስረው ቆሙ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ሳላውቅ የነካሁት ነገር አለ። ለዕድሜዬ የማይሆን መሣሪያ ላይ የሰው እናት አስቀመጥኩ።» ከዚያ በሰው መሀል ፈለጉኝ። «አንተ ልጅ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ስነካካ ሊጠፋ ይችላል አይደለም?»

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ሁለት ቃል ናቸው። ቁልፉን አስረክበው ከጸሐፊነት ወረዱ። ፌርፋክስ መምጣት ተዉ፤ እንጀራ እንኳ በልጃቸው ነበር የሚያስገዙት። እኔ ግን ሥራ አገኘሁ፤ የኩባንያ ኮምፒዩተር እጠብቃለሁ። ምንም ነገር ከማጥፋቴ በፊት ሁለት ቅጂ ስለማስቀምጥ አለቃዬ በጥንቃቄዬ ያመሰግነኛል፤ አዲስ ሠራተኞችንም ከእኔ ተማሩ ይላቸዋል። በተመሰገንኩ ቁጥር ቀና ብዬ ሰው ማየት ያቅተኛል።

የመጽሔቱ መልእክት ሲደርሰኝ፣ ከታተመ በኋላ ከሚሰሙት ከእኔ አፍ ይስሙት ብዬ በርባንክ ከተማ ወዳለው ልጃቸው ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። ቅዳሜውን፣ ፎልደሩን፣ ባዶውን መዝገብ፣ ስብሰባውን በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

«ለእኔ ብለህ ነው አይደል? ከላዬ ልታነሣልኝ።»

«አይደለም ጋሼ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«እኔ እኮ አስታውሰዋለሁ። ሰኞ ነበር። ኢሜል ልልክ ተቀምጬ አንድ መስኮት መጣና ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳላነበው ኦኬ አልኩት። ይቺ ጣቴ ናት» ብለው አነሡልኝ።

«እንዲህ ያለ ሰኞ አልነበረም ጋሼ።»

«ተው የኔ ልጅ። ንስሐ ገብቼበታለሁ፣ ቀኖናዬንም ፈጽሜያለሁ። አሁን ደግሞ አንተ በእኔ ጥፋት አትዋሽ።»

ደጋግሜ ብነግራቸውም አላመኑኝም። እንዲያውም እኔን ያጽናኑኝ ጀመር። እኔ ዝም ባልኩባቸው ዓመታት ያላደረጉትን ነገር ማስታወስ ለምደዋል፤ ጣቱንም፣ መስኮቱንም፣ ቀኑንም ለራሳቸው ፈጥረዋል። ልጃቸው እስከ መኪናዬ ሸኘችኝና፣ «እውነትህን ነው ወይስ አዝነህለት?» አለችኝ። እውነቴን ነው አልኳት። «እንግዲያው ሌላ ሰው ይንገረው። አንተን ጨዋ ነህ ብሎ ስለሚያስብ አያምንህም።»

ስለዚህ እትዬ የሺ፣ ላስ ቬጋስ እንደሆኑ ሰምቻለሁ፤ ይህ ከደረሰዎት ያን ቅዳሜ ያዩትንና የሰሙትን ይንገሯቸው። እልል ያሉበት ቀን ነው። ሰይድ፣ ሚኒያፖሊስ ገባ ብለውኛል፤ ሴቭ አታደርገውም ወይ ብለህ እንደጠየቅኸኝ፣ እኔም ምን ብዬ እንደመለስኩልህ ካስታወስህ ደውልላቸው፤ ቁጥራቸው ከመጽሔቱ አዘጋጆች ዘንድ አለ። በስብሰባው አዳራሽ የነበራችሁም፣ ስመልስ ፊቴን ያየ ሰው ካለ፣ ያየውን ይጨምርበት። የተሳሳትኩት ዝርዝር ካለ አርሙኝ፤ የሱቁ መጋረጃ ቀለም፣ የወሩ ስም፣ ማን ከማን በፊት እንደወጣ፣ በዚህ ሁሉ ልሳሳት እችላለሁ። ሰኞው እንዳልነበረ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ የእኔ ቃል ብቻውን ለጋሼ ታደሰ አልበቃም። ከአምስታችን ሙሉጌታ አሁን ሊመሰክርላቸው አይችልም። እናንተ ሁለታችሁ ትችላላችሁ።